የመሪ ዘይት የት ይሄዳል?

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅ የሚወርድ አይሱዙ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 2,000 አካባቢ ዝቅ ይላል። ጭነቱ የፊት ጎማዎቹን ከአስፋልቱ አጣብቋቸዋል፤ ሹፌሩ ግን ጠመዝማዛውን ያለ ብዙ ድካም ያልፈዋል። ጉልበቱን የሚያበድረው የመሪ ዘይት ነው።

አሠራሩ የቆመው ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባስረዳው ሕግ ላይ ነው፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርሳል። ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፤ መሪው ሲዞር ቫልቩ ዘይቱን ወደ አንዱ ጎን ይልከውና ፒስተኑ ጎማዎቹን ለማዞር ያግዛል።

የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው። በየሳምንቱ እየሞሉ መንዳት፣ ብዙ ባለመኪና ቢያደርገውም፣ ጥገና አይባልም። ይልቅ የቱቦዎቹን መጋጠሚያና የፓምፑን ዙሪያ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጥቂት ነድቶ መመለስና ርጥበቱ ከየት እንደጀመረ ማየት ይሻላል። በቤት መኪና ላይ ከመሪው ጥርስ ግራና ቀኝ ያለውን የተሸበሸበ ጎማ ጨመቅ አድርጉት፤ ዘይት ካቆረ ውስጥ ያለው ዘይት ያዥ ጎማ አልቋል።

ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። ዘይቱ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሆናል፤ ዘይት በቀላሉ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ መሪው ያቃስታል። ከፍታውም ጥቂት ድርሻ አለው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ አፍ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት ደሴ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው።

ልኩን ለማየት መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ክዳኑ ሳይከፈት ዙሪያው ይጠረግ፤ ቀዝቃዛና ትኩስ ተብለው የተለዩት ምልክቶች አይምታቱ። ከዘይቱ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት መቀየር አለበት።

የትኛው ዘይት? ብዙ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ቀይ ዘይት፣ ዴክስሮንን፣ ይቀበላሉ፤ ሆንዳ የራሱን ይፈልጋል፤ አንዳንድ የጀርመን መኪናዎች አረንጓዴ ዘይት ይጠቀማሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የፍሬን ዘይት ግን በጭራሽ! የፓምፑን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል።

መሪውን ጥግ አድርሶ መያዝም ጥሩ አይደለም፤ ግፊቱ ጣሪያ ይነካና ዘይቱ ይግላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ነው። ፓምፑ ይቆማል፤ መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ መዞሩን አይተውም፣ ግን በጣም ይከብዳል። የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

ቪትዝ የሚነዱ ሰዎች ማጠራቀሚያውን ፈልገው ቢያጡ አይደንግጡ፤ መሪያቸውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።