የሊሾ ወለልና ቀለሙ

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ በቆረቆሯት፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ዛሬ ጭሮ በምትባለው ከተማ፥ እንዲሁም በሒርና፥ በበዴሳና በገለምሶ፥ ወደ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ጫማውን ደጅ አውልቆ ከምንጣፍና ከፍራሽ ላይ ዐረፍ እንዲል ሲጋበዝ፥ ከግድግዳው አስቀድሞ የሚያየው ወለሉን ነው። በዚህ አገር ወለል መርገጫ ብቻ ሳይሆን መቀመጫና ማዕድ መቅረቢያም ስለ ሆነ፥ እርሱን አሳምሮ መፈጸም ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

የወለልን ኅብር መውደድም እነዚህ ከተሞች በሚገኙበት በሐረርጌ ጥንታዊ ነው። በሐረር ጁገል ቤቶች ውስጥ ነደባ የሚባሉት መደቦችና ወለሎቻቸው በቀይ አፈር ሲቀቡ ኖረዋል፤ ቅላቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያሳስባል ተብሎ ይተረካል። በገጠሩም እመቤቶች ለበዓል ወለሉን በእበትና በጭቃ እየለቀለቁ ያድሱት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ ግን፥ ይህ ግራጫ ዱቄት ቀስ በቀስ የአፈሩን ስፍራ ወረሰ፤ ሊሾ የሚባለውም ወለል በየከተማው ተለመደ።

ሊሾ የሚሠራው እንዲህ ነው። ግንበኛው ሲሚንቶና አሸዋ በውሃ ለውሶ በኮንክሪቱ ላይ ያነጥፋል፤ በውሃ ልክ አስተካክሎ በእንጨት ፍራታሶ ያሸዋል፤ ከዚያም ልስኑ ጥቂት እስኪጠነክር፥ ጣት ሲጫነው ምልክት ብቻ ይዞ እስከማይሰጥም ድረስ ታግሦ፥ በንጹሕ ሲሚንቶ ቀብቶ በብረት ማለስለሻ ደጋግሞ ሲጠርገው ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል። ቀይ ሊሾ የፈለገ ሰው ቀይ ኦክሳይድ የሚባለውን የብረት ዝገት ዱቄት፥ ውሃ ሳይነካው፥ ከዚሁ ንጹሕ ሲሚንቶ ጋር አጥብቆ ያዋሕዳል። ዱቄቱ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከ10 ኪሎ መብለጥ አይገባውም፤ ከመጠን ካለፈ ሲሚንቶውን ያደክመዋልና። የብረት ዝገት ከፀሐይም ከሲሚንቶ ኖራነትም የተነሣ ባሕርዩን ስለማይለውጥ፥ እንዲህ ያለው ኅብር ከወለሉ ጋር ተዋሕዶ ይኖራል።

ወለሉ አስቀድሞ ግራጫ ሆኖ ከተሠራ ግን ቀለሙ ከላይ ይቀባል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ ሲሚንቶ በውስጡ ብዙ ውሃና ኃይለኛ ኖራማ ጠባይ ይዞ ይቈያል፤ በላዩ የዘይት ቀለም የቀባ ሰው ያ ኖራማነት ከእርጥበቱ ጋር ተባብሮ ዘይቱን ወደ ሳሙና እንደሚለውጠው ባለማወቁ፥ ቀለሙ አብጦና ተልጦ ሲነሣ ሻጩን ይወቅሳል። ስለዚህ ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ፥ ከዚያም አንድ ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ሁሉ አጣብቆ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ማቈየት ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ሲነሣ ከሥሩ ጠል ቢታይ ወይም ሲሚንቶው ቢጠቁር፥ ወለሉ ገና አልደረቀም። ደርቆ ሲገኝም ልስላሴው ቀለም እንዳይዝ ስለሚያደርገው በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፥ አቧራውን፥ በሰም የተወለወለ ከሆነም ሰሙን ፈጽሞ ማጠብ፥ እንደገና ማድረቅ፥ በኋላም ለወለል የተዘጋጀውን ቀለም መስኮት ከፍቶ፥ ከውስጠኛው ማዕዘን ወደ በሩ እየሸሹ፥ በስሱ ሁለት ጊዜ መቀባት ይገባል።

ሦስተኛ ዘዴም አለ፤ እርሱም ወደ ሲሚንቶው ጠልቆ የሚገባ ማቅለሚያ ነው። ከዚህ ዓይነት አንዱ በአሲድነቱ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተዋግቶ ኅብሩን የሚያወጣ ሲሆን፥ የደመና መልክ ይሰጣል፤ አይላጥም፥ ነገር ግን አንዴ ከገባ አይመለስም። በብረት የተጨመቀ ሊሾ እምብዛም ስለማይጠጣው፥ አስቀድሞ በአንድ ጥግ መሞከር ብልኅነት ነው፤ እጅንም በጓንት፥ ዓይንንም በመነጽር መጠበቅ ግድ ነው።

የአየሩም ጠባይ በሥራው ላይ ሥልጣን አለው። በሚኤሶ ቆላ ፀሐይዋ ውሃውን ከሲሚንቶው ቀድማ ስለምትወስድበት፥ ወለሉ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። በጭሮ ወይና ደጋ ግን ክረምቱ ከምድርም ከአየርም እርጥበት ስለሚመግበው፥ ቀለም ለመቀባት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ይሻላል።

እንግዲህ ወለሉን ለማስጌጥ የሚነሣ ባለቤት ገንዘቡን ሁሉ ለቀለም ከማዋሉ በፊት የሚከፍለው ሌላ ዋጋ መኖሩን ይወቅ፤ እርሱም ቀን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተቀባ ወለል ተፍቆ እንደገና መቀባቱ አይቀርምና፥ ለግንበኛው የጊዜ ገደብ የሚሰጥ ሰው ሠርጉን ወይም በዓሉን ሳይሆን የሲሚንቶውን ጠባይ አይቶ ይቁረጥ።