ስልጆ ይዞ የመጣ ተስፋ

እናንተዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋዬ አልወርድም ያለ ጎረምሳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አብሮ አደጌ ነው፤ ስሙ ይቅር። አዲስ አበባ ሥራውን አጣ፣ እጮኛው ቀለበቱን መለሰችለት፤ እናቱ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ ባሰበት አሉ። እውነቱን ለመናገር የደጋው ሁዳዴ ለከፋው ሰው አይመችም። ከጮቄ በኩል የሚመጣው የማለዳ ብርድ አለ፤ ከቅዳሜና እሁድ በቀር ቅዳሴው የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከበሮው ዝም፣ ጸናጽሉ ዝም። የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። 55 ቀን ሲባል ደግሞ ማለቂያውም አይታይ!

እናቱ መንገድ ላይ አገኙኝና ምክር ጠየቁኝ። እኔም የጋዜጣ ሰው ነኝ ብዬ ኮራ አልኩና የሥነ ልቦና ወግ ጀመርኩ። ሴትዮዋ አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ ሳምንቱ እኮ መጻጉዕ ነው።»

መጻጉዕ የጾሙ አራተኛ ሳምንት ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ 38 ዓመት ታሞ መጠመቂያው ዳር የተኛው ሰውዬ። እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ መዳኑ ነበር። እሳቸው ያዩት ሌላ ነው፦ ሰውዬው የተማረረው በበሽታው ሳይሆን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ነው።

«አንተስ በስንተኛው ወር ልትመጣ ነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። አንድ ሰፈር እየኖርን ስለ እሱ ሳወራ ከረምኩ እንጂ በሩን አላንኳኳሁም።

በማግስቱ ሄድኩ። አልመከርኩትም፣ ተነስም አላልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ስልጆ ቀረበ፣ አብረን በላን። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በአምስተኛው ቀን ጫማውን ፈለገ። እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሠርተውት የመንቆረርን ስም እስካስቀየረው ደብር፣ በእግራችን ዘለቅን። ቅጥሩ ጥግ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ወደ ዛፎቹ አየሁ።

ድኗል ብዬ አልዋሽም። ሥራም አላገኘም። (ጭንቀቱ የከበደበት ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ጾሙ ሐኪም አይከለክልም።) ባለፈው ቅዳሜ ግን በሬ ተንኳኳ። እሱ ነው፤ እናቱ የላኩትን ስልጆ ይዟል።

«ትናንት ምነው ቀረህ?» አለኝ።