የአዞ ጥርስ ለጥርስ ሐኪም የሚያስተምረው

በአርባ ምንጭ አዞ እርባታ፣ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ከተሰበሰበ እንቁላል የተፈለፈሉ አዞዎች ለቆዳቸው ሲባል ያድጋሉ። አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ያስተዋለ ሰው፣ በረጃጅሞቹ ጥርሶች መካከል ገና ብቅ ያሉ አጫጭሮችን ያያል። አዞ ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ሌላ ያበቅላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአዞን ዘመድ፣ አሊጌተርን፣ መርምረው እንዴት እንደሆነ አሳዩ። 80 ገደማ ከሚሆኑት ጥርሶቹ እያንዳንዱ እስከ 50 ጊዜ ሊተካ ይችላል። ከሚሠራው ጥርስ ሥር ተተኪው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ከተተኪው አጠገብ ደግሞ ግንደ ሕዋሳት የያዘ ስስ ሽፋን አለ። የላይኛው ሲወልቅ ሕዋሳቱ ነቅተው ቀጣዩን ይጀምራሉ።

ሰው ከ20 የወተት ጥርስ በኋላ 32 ቋሚ ጥርስ ያወጣል፤ ከዚያ ያ ሽፋን ይከስማል። ግንደ ሕዋስ ግን ጨርሶ አልጠፋብንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተነቀለ የአዋቂ መንጋጋ ጥርስ፣ በ2003 ደግሞ ከወለቀ የወተት ጥርስ ውስጥ ተገኝቷል። መገኛው ሰው በተለምዶ «የጥርስ ነርቭ» የሚለው ለስላሳ ክፍል ነው።

ሕዋሱ ብቻውን ግን ቅርጽ አይሠራም። የሚጣበቅበትና የሚያድግበት ደጋፊ፣ ማለትም ስካፎልድ፣ ያስፈልገዋል። ደጋፊው ግንበኞች ከባሕር ዛፍ እንደሚያቆሙት መወጣጫ ጊዜያዊ ነው፤ አዲሱ ሕብረ ሕዋስ ሲጠነክር ሟሙቶ ይጠፋል። ከኮላጅን፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚወጣ ካይቶሳን ወይም ከካልሲየም ፎስፌት ይሠራል። ለነርቩ ለስላሳ ጄል፣ ለመንጋጋ አጥንት ጠጠር ያለው ይመረጣል። የደም ሥር እንዲያልፍበትም ቀዳዳ ቀዳዳ መሆን አለበት።

ትልቁ ፈተና ደም ነው። የአዋቂ ጥርስ ደም የሚያገኘው በሥሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። የልጅ ቋሚ ጥርስ ግን ሥሩ አድጎ እስኪያልቅ ጫፉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ነርቩ የሞተበትን የልጅ ጥርስ ሐኪሙ አጽድቶ፣ ከሥሩ ጫፍ ጥቂት ደም ወደ ውስጥ እንዲፈስ ያደርጋል። የረጋው ደም ራሱ ስካፎልድ ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉ ግንደ ሕዋሳትም ይገቡበታል።

ሙሉ ጥርስ ማብቀል ገና በምርምር ላይ ያለ ሥራ ነው። የልጅን ጥርስ ማዳን ግን ዛሬም ይቻላል። ስለዚህ ልጅ ወድቆ የፊት ጥርሱ ቢሰበር፣ «ይበቅልለታል» ብሎ ከመተው በፊት የወተት ይሁን ቋሚ መለየት ያስፈልጋል። ቋሚው ምትክ የለውም፤ ሐኪም ዘንድ ቶሎ መድረስ አለበት።