ምስል የሌለው በዓል፤ በሕንድ አገር የሜዳራም ጃታራ

ስለ ሕንድ አገር ሃይማኖት በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከመቅደስ ነው። በድንጋይ የተቀረጸ ሕንፃ፣ ብዙ እጆች ያሉት ምስል፣ ግንባሩን ቀለም የተቀባ ብራህማን ካህን እናሳያለን፤ ከዚያም ስለ ቬዳ መጻሕፍትና ስለ ካስት ሥርዓት ጥቂት ተናግረን ወደ ሌላ ምዕራፍ እናልፋለን። የምንለው ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መቅደስ በሌለበት፣ ምስልም በሌለበት፣ ካህኑም ብራህማን ባልሆነበት ቦታ የሚያመልኩ ሕንዶች የሉም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ከሕንድ አገር የመጡ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ማስተማራቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ፣ ስለ ጫካው ሕዝብ ከእነርሱ የሰማነው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ የሚሆን አንድ በዓል መርጠን እዚህ እናቀርባለን።

ሜዳራም በቴላንጋና ግዛት፣ በሙሉጉ አውራጃ የምትገኝ ትንሽ የጫካ መንደር ናት። ከዋራንጋል ከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአካባቢዋ የኤቱርናጋራም የዱር አራዊት ጥብቅ ደን ይገኛል። ቴላንጋና ራሱን የቻለ ግዛት የሆነው በ2014 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከዚያ በፊት የአንድራ ፕራዴሽ ክፍል ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝብ ኮያ ይባላል። ኮያዎች በጎዳቫሪ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ «አዲቫሲ» ማለትም «የመጀመሪያ ነዋሪ» ከሚባሉት ሕዝቦች መካከል ናቸው። በሕንድ ሕግ የነገድ ሕዝቦች ተብለው የተመዘገቡት በ2011 ቆጠራ 104 ሚሊዮን ያህል፣ ይኸውም ከአገሩ ሕዝብ 8.6 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ስለ ጥቂት ሰዎች እየተናገርን አይደለም።

በዓሉ በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ማጋ በሚባለው የጨረቃ ወር፣ በእኛ ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ለአራት ቀን ይከበራል። በ2024 ለምሳሌ የዋለው ከየካቲት 13 እስከ 16 ነበር። በሌላው ጊዜ ጸጥ ብላ የምትኖረው መንደር በእነዚያ ቀናት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ታስተናግዳለች፤ የግዛቱ መንግሥት ግምት በአንዳንድ ዓመት እስከ አሥር ሚሊዮን ይደርሳል።

ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሳማካና ሳራላማ ለሚባሉ እናትና ልጅ ክብር ነው። ታሪካቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ዋናው ሐረግ ግን እንዲህ ነው። የኮያ አዳኞች በጫካ ውስጥ ሲዘዋወሩ አንዲት ሕፃን ልጅ በነብሮች መካከል ስትጫወት አገኙ። የጎሣው አለቃም ወስዶ አሳደጋት፤ ስሟም ሳማካ ተባለ። ካደገች በኋላ ፓጊዲዳ ራጁ ለሚባል ባላባት ተዳረች። ይህ ባላባት በዋራንጋል ለሚገዙት ለካካቲያ ነገሥታት ገባር ነበር። ሳራላማና ናጉላማ የተባሉ ሴቶች ልጆችን፣ ጃምፓና የተባለም ወንድ ልጅ ወለዱ።

ከዚህ በኋላ ድርቅ መጣ። ዝናብ ቀረ፣ እህሉ ከሰመ፣ ሕዝቡ ግብር የሚከፍልበት አጣ። ንጉሡ ፕራታፓሩድራ ግን ግብሩን አልተወም፤ ጦር ላከ። ኮያዎች በቀስትና በጦር ተዋጉ። ባልየው ወደቀ፤ ሴቶች ልጆቹና የሳራላማ ባል ጎቪንዳራጁም በየተራ ወደቁ። ልጁ ጃምፓና ሽንፈቱን ማየት ስላልቻለ ሳምፔንጋ ከተባለው ወንዝ ውስጥ ራሱን ጣለ። ውኃው በደሙ ቀላ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንዙ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው፤ ጃምፓና ቫጉ ይባላል። ሳማካ ቆስላ ወደ ቺላካላጉታ ኮረብታ ስትሄድ ታየች፤ ከዚያም ተሰወረች። ሊፈልጓት የሄዱት ሰዎች ሬሳዋን አላገኙም። ያገኙት በኩይሳ አጠገብ የተቀመጠ፣ ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት ያለበት ሙዳይ ነበር።

ፕራታፓሩድራ በታሪክ የታወቀ ንጉሥ ነው። በ1323 የዴልሂ ጦር ዋራንጋልን ሲይዝ እርሱም ተማረከ፤ የካካቲያ መንግሥትም በዚሁ አበቃ። በዚያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ግብር የሚያስገባ የለም። ግብር አልከፍልም ስላለችው ሴት ግን ሕዝቡ በየሁለት ዓመቱ ስጦታውን ይዞ ይጎርፋል።

አከባበሩን እንመልከት። በሜዳራም ያለው ቅዱስ ስፍራ «ጋዴ» የሚባል መደብ ነው፤ ቋሚ ምስል የለበትም። አማልክቱ የሚኖሩት በጫካ ስለሆነ በዓሉ ማለት እነርሱን ማምጣትና መመለስ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሳራላማ ካህናት ከካኔፓሊ መንደር ተነሥተው እርሷን ወደ መደቡ ያመጣሉ። በዚህ ጊዜ ልጅ ያጡ ሴቶችና በሽተኞች ልብሳቸውን አርጥበው በመንገዱ ላይ ይተኛሉ፤ ካህኑም በላያቸው ተራምዶ ያልፋል። አባትየው ፓጊዲዳ ራጁ ከፑኑጎንድላ፣ አማቹ ጎቪንዳራጁ ከኮንዳይ፣ እነርሱም ከየመንደራቸው ይመጣሉ። ቤተሰቡ እንደገና ተሰበሰበ ማለት ነው።

የበዓሉ ትልቁ ሰዓት ሁለተኛው ቀን ነው። ካህናቱ ወደ ቺላካላጉታ ኮረብታ ይወጣሉ። ሙዳዩ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ ሥርዓቱም በምስጢር ይፈጸማል። ከኮረብታው ሲወርዱ ከበሮ ይመታል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ የአውራጃው የፖሊስ አዛዥም ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ይህ ተኩስ የመንግሥት ሰላምታ ነው። በታሪኩ መንግሥት በሳማካ ላይ ጦር እንደ ላከ ያስታወሰ ተማሪ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አንቆጣውም። ሦስተኛው ቀን ሁሉም በመደባቸው ላይ ሆነው ስጦታ የሚቀበሉበት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ማታ ሙዳዩ ወደ ኮረብታው፣ ሌሎቹም ወደየመጡበት ይመለሳሉ፤ መደቡም ባዶውን ይቀራል።

ምእመናኑ አስቀድመው በጃምፓና ቫጉ ይታጠባሉ። ኮኮናት፣ እርድና ኩምኩም ያቀርባሉ፤ ዶሮና ፍየል ይሠዋሉ፤ ከዘንባባ የሚቀዳ መጠጥም አይቀርም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ባንጋራም» የሚባለው ስጦታ ነው። ባንጋራም በቴሉጉ ቋንቋ ወርቅ ማለት ነው። የሚቀርበው ግን ወርቅ ሳይሆን የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ሲረጋ የሚገኘው ድፍን ቡናማ ስኳር ነው። ስእለት ያለበት ሰው ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን የክብደቱን ያህል ስኳር ይደረጋል፤ ያንን ለእናቲቱ ይሰጣል። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ስድሳ ኪሎ «ወርቅ» ሰጠ ማለት ነው። ግብር መክፈል አቅቶት የተወጋ ሕዝብ ስኳርን ወርቅ ብሎ መጥራቱ እኛን ደስ ይለናል፤ ድኻውም ሀብታሙም የሚመዘኑት በገንዘባቸው ሳይሆን በሥጋቸው ነውና። ሆኖም ከዚሁ ስኳር አረቄ የሚያወጡ ስላሉ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የበዓሉን ሰሞን ንግድ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁታል።

ታዲያ ይህ በዓል የሂንዱ ነው ወይስ የነገድ? እዚህ ላይ መምህሩ መጠንቀቅ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው በሂንዱ የጨረቃ ወር ነው፤ «ጃታራ» የሚለው ቃል ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ ኮኮናቱና ኩምኩሙ በማንኛውም የሂንዱ መቅደስ የሚታዩ ናቸው፤ ከመጪዎቹም አብዛኞቹ ኮያዎች ሳይሆኑ ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ሂንዱዎች ናቸው። በሌላ በኩል ካህናቱ ኮያዎች ናቸው እንጂ ብራህማኖች አይደሉም፤ የቬዳ ጸሎት አይነበብም፤ መሥዋዕቱ ደም አለበት፤ አምላክ ሆና የምትከበረውም ከሰማይ የወረደች ሳትሆን በዚያው ጫካ ያደገች፣ ባልና ልጆች የነበሯት ሴት ናት። አንዳንድ ሰዎች ሳማካ የዱርጋ ሌላ መልክ ናት ይላሉ። ይህን አባባል የማይቀበሉ ኮያዎች አሉ፤ እርሷ አያታችን ናት እንጂ የሌላ አምላክ ጥላ አይደለችም ይላሉ። ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም። በዓሉ የማን ነው? ሥርዓቱን የሚወስነው ማን ነው? መደቡ በዚያው መልኩ ይቆይ ወይስ መቅደስ ይሠራበት? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። እኛ በበኩላችን በሁለቱ መካከል አጥር አቁሞ «ይህ ሂንዱ፣ ያ ነገድ» ማለት የሚያዋጣ አይመስለንም፤ ግን የኮያዎቹን ቃል ሳንሰማ የሂንዱ ነው ብሎ መዝጋት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው።

በ1996 የዚያን ጊዜው የአንድራ ፕራዴሽ መንግሥት ጃታራውን የግዛት በዓል አደረገው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት ገባ፣ በሺህ የሚቆጠሩ አውቶቡሶች ይመደባሉ። ቀድሞ በበሬ ጋሪ ለቀናት ይጓዝ የነበረው ሕዝብ ዛሬ በሰዓታት ይደርሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጫካው ግን ዋጋውን ይከፍላል። አራት ቀን የሰፈረ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ማገዶ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ ላስቲክና ቆሻሻም ትቶ ይሄዳል። በዓሉ ሲያልፍ የሚቀሩት መንደርተኞች ናቸው።

ለመምህራን ደስ የሚል አንድ ነገር እንጨምር። በ2023 የሕንድ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ በሙሉጉ በእናትና በልጅ ስም የሚጠራ የነገድ ሕዝቦች ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ተደርጓል።

ይህን ርዕስ በክፍል ለማስተማር ለሚፈልጉ አንድ ሐሳብ አለን። በዚያው በሙሉጉ አውራጃ በፓላምፔት በ1213 የተሠራ ራማፓ የሚባል መቅደስ አለ፤ በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ያሠራው የካካቲያ ንጉሥ የጦር አለቃ ነው፤ ግብሩን የጠየቀው ንጉሥም የዚያው ዘር ነው። የመቅደሱ ፎቶግራፍ በየመጽሐፉ ይገኛል። ከጎኑ የሜዳራምን መደብ ለመሳል ለተማሪዎቹ ጥቂት ቀርከሃ፣ አንድ ዛፍና አንዲት ቀይ ሙዳይ ይበቋቸዋል።