በአዋሽ ሸለቆ የመጣ አሮጌ ጠመንጃ ዛሬ ዒላማ ይመታል?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስታችሁ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሄዳችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው የሚያልፉበት ነው፤ ነዳጅና ማዳበሪያ ወደ መሐል አገር ይገባል፣ ቡናና ሰሊጥ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሸለቆው ግን ከአስፋልቱም ከባቡሩም በፊት የንግድ መንገድ ነበር። በግመል ጀርባ ከገባው ዕቃ አንዱ ደግሞ ጠመንጃ ነው።

በ1879 ዓ.ም አርቱር ራምቦ የተባለ ፈረንሳዊ (አዎ፣ ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ገጣሚ) ከታጁራ ተነስቶ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ አስጭኖ የአፋርን ምድር አቋረጠ። አዋሽን ተሻግሮ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ጠመንጃዎቹ ታዲያ አዲስ እንዳይመስሏችሁ። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ የአውሮፓ ጦር ከ40 ዓመት በፊት የጣላቸው ነበሩ። እዚያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች አንዱ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ይገኝ ነበር፤ እሱ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ ሊሸጥ አስቧል። ትርፉ እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ምኒልክ ዋጋ መከራከር የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የተሻሉት መጡ። «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። ዓድዋ ላይ ጣሊያኖች የያዙት ቬተርሊ በሺዎች ተማርኮ ቀረ። በ1920ዎቹ ደግሞ ሊዬዥ አጠገብ በሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራው ማውዘር ገባ፤ አባቶቻችን «ቤልጂግ» ይሉታል።

አሁን ነገሩ ተገላብጧል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ እነዚህን አሮጌ ጠመንጃዎች ከኢትዮጵያ ወስዶ ለሰብሳቢዎችና ለዒላማ ተኳሾች መሸጥ ጀምሯል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ የዓድዋ ዘመን ቬተርሊ ብዙ ፎርም ሳይሞላ ይሸጣል። ገዢው ሳጥኑን ይከፍታል፤ ውስጡ ዝገት፣ አቧራና የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል፤ ይሄ ነገር እንደገና መተኮስ ይችላል ወይ?

(ሳንረሳው፦ እኛ አገር የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። አሮጌ ጠመንጃ ወይም ጥይት ወድቆ ካገኛችሁ አትንኩት፤ ለፖሊስ ተናገሩ። እዚህ የምናወራው ስለ ፊዚክሱና ኬሚስትሪው ነው።)

ግፊቱን ይችለዋል ወይ?

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ በቅጽበት ወደ ጋዝ ይለወጣል። በቤልጂግ ውስጥ ይህ ጋዝ ከ3,000 የከባቢ አየር በላይ ግፊት ይፈጥራል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ሁለት ወይም ሦስት መሆኑን አስቡ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ያለው የብረት መዝጊያ ነው።

እዚህ ላይ ዕድሜ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚነግረው ጠመንጃው ለየትኛው ባሩድ እንደተሠራ ማወቅ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1880ዎቹ ድረስ ዓለም የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ነበር፤ ጨው ጴጥሮስ፣ ድኝና ከሰል። ይህ ባሩድ ጭሱ የበዛ፣ ግፊቱ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ግፊቱም ከፍ አለ። ውጅግራና ቬተርሊ የፊተኛው ዘመን ልጆች ናቸው፤ ቤልጂግ የኋለኛው።

ከሁሉም አደገኛው የሁለቱ ድቅል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ጠመንጃ አጠራት። ስለዚህ የድሮውን ቬተርሊ 10.4 ሚሊሜትር በርሜል ውስጡ ሌላ ቀጭን ቱቦ ከትታ፣ 6.5 ሚሊሜትር ዘመናዊ ጥይት እንዲተኩስ አደረገችው። በርሜሉ ጠበበ፣ መዝጊያው ግን ያው ለጥቁር ባሩድ የተሠራው ነው። እነዚህ ድቅሎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካም መጥተዋል፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ ከሚወጡት መካከልም አሉ። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ጥይቱም በገበያ ይገኛል። ልምድ ያላቸው ጠመንጃ ሠሪዎች ግን ሙሉ ኃይል ባለው ጥይት እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃሉ፤ መዝጊያው ሊፈነዳ ይችላልና። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ደህና ነው የተባለውም ቢሆን ይለካል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ጎሬ ከኋላ መዝጊያው ጋር ያለው ክፍተት ከሰፋ፣ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጥና ይቀደዳል፤ ጋዙም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። መለኪያው ሁለት የብረት ቁራጭ ነው። በአንደኛው ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ነው፤ ወፍራም የፀጉር ዘለላ ያህል። ሞት ሽረቱ ያለው እዚህች ላይ ነው።

የአፍዴራ ጨውና የበርሜል ጨው

አፋርና ጨው የማይነጣጠሉ ናቸው፤ አሞሌው ከዚያ ነበር የሚወጣው፣ ዛሬም የአፍዴራ ጨው ወጣችን ውስጥ አለ። የሚገርመው የእነዚህን ጠመንጃዎች በርሜል የበላውም የጨው ዘመድ ነው።

በቀለሁ መቀመጫ ላይ ቃታ ሲሳብ የምትመታ ትንሽ መለኮሻ አለች። በድሮ ወታደራዊ ጥይቶች ውስጥ ይህች መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ስትቀጣጠል ኦክስጅኑን ትሰጥና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆና ትቀራለች። ይህ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሶዲየም ቦታ ፖታሲየም ገባ እንጂ። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ታዲያ በርሜሉ ውስጥ በዓይን የማትታይ የጨው ብናኝ ትረጫለች።

ጨው ክረምት ላይ እቃው ውስጥ ረጥቦ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃ ከአየር ስቦ መሟሟት ይጀምራል። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ 84 በመቶ ገደማ ላይ። በሐምሌ ሌሊት የደጋው አየር ይህን በቀላሉ ያልፈዋል፤ የሰመራ ደረቅ ቀን ግን አይጠጋውም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ተኩሶ፣ አንዱ አዋሽ ዳር አንዱ ደጋ ላይ ሳይጠረግ ቢከርም ዕጣቸው ለየቅል ነው። ደጋ የከረመው ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠርጎ ዘይት መቀባት ላይ ነው። ጨው በዘይት አይሟሟም! ዘይቱ በላዩ ላይ ይተኛል፣ ጨው ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ብረትን ከዝገት ለማዳን ውሃ ማፍሰስ ግራ ይመስላል፤ ኬሚስትሪው ግን ይህንን ነው የሚለው።

ከውጭ ያለውን ዝገትስ? ቀዩ ዝገት ውሃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ልቅ ነው፣ ከበላው ብረትም ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ እየተቀረፈ ሥሩን ለአየር ያጋልጣል። ማግኔታይት የሚባል ሌላ ኦክሳይድ ደግሞ አለ፤ ጥቁርና ጥብቅ ነው፣ ብረቱ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀራል። አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ፦ የተፈታውን ብረት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታፈሉት፣ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁሩ ይለወጣል። ላዩ ላይ የቀረውን ልቅ ጥላሸት በለስላሳ ብሩሽ ታነሡታላችሁ። ጉድጓዱ አይሞላም፣ መብላቱ ግን ይቆማል።

ይህን ዘዴ የምወድበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። ቤልጂግ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። አንደኛው የይሁዳ አንበሳ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ ጠመንጃ የሚፈትነው የሊዬዥ መፈተኛ ቤት ምልክት ነው፤ ሁለቱም ከወረቀት የማይወፍር ጥልቀት አላቸው። አሲድ ወይም የአሸዋ ወረቀት ዝገቱን ሲወስድ ጤነኛውንም ብረት ይዞ ይሄዳል። ገዢው የሚያብረቀርቅ ጠመንጃ ያገኛል፤ አንበሳው ግን የለም። ጠመንጃው ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት አብሮት ስለማይመጣ፣ የተፋቀው ምልክት ተመልሶ አይገኝም። በጠፍር የተጠገነ ሰደፍ ላይም እንዲሁ ነው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ቀለበት ይጨብጣል፤ አንድ ባላገር ስንጥቁን ያዳነው በዚህ ነው። ጠፍሩን ቆርጦ ጥሎ በሙጫ መተካት «እድሳት» ከተባለ፣ እኔ አልስማማም።

ተልባ ለሰደፍ

የአውሮፓ ሰደፍ በአብዛኛው ከዋልነት እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል። አየሩ 80 በመቶ እርጥበት ሲኖረው እንጨት ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ 30 በመቶ ሲሆን ወደ 6 ይወርዳል። ውሃው ሲወጣ እንጨቱ በጎን ይሸበሸባል፣ በቁመቱ ግን እምብዛም አያጥርም። ስንጥቅ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወበቅ ወደ አዋሽ ሸለቆ ድርቀት የወጣ ሰደፍ የደረሰበትን ገምቱት። ለብረቱ የተመቸው አየር እንጨቱን ጎዳው ማለት ነው።

መድኃኒቱ እናታችሁ ጓዳ ውስጥ ካለ ፍሬ ይወጣል፦ ተልባ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ኦክስጅን ከአየር ወስዶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። (የኑግ ዘይትም ያደርገዋል፣ ግን ቀስ ብሎ።) ቀጭን እየቀቡ በየመካከሉ ቀናት መጠበቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መተሳሰር ሙቀት ይለቃል፣ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ዒላማው ፊት

በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ መስመሮች ጥይቱን ያሽከረክሩታል። እንደ እሽክርክሪት ነው፤ እየዞረ ሳለ አይወድቅም። በቤልጂግ አንድ ሙሉ ዙር 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ጥይቱ በሰከንድ 750 ሜትር ገደማ ይወጣል እንበል፤ 750ን ለ0.24 አካፍሉት፣ በሰከንድ ከ3,000 ዙር በላይ! መስመሮቹ በጨው ከተበሉ ጥይቱ በደንብ አይያዝም፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። የበርሜሉን ጤንነት ዒላማው ራሱ ያወራል ማለት ነው።

በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ግማሽ ሜትር ቢኖርና የፊተኛው አንድ ሚሊሜትር ቢጣመም፣ 100 ሜትር ላይ ስህተቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ራሳችሁ አስሉት። ስበትም ድርሻ አለው፦ ቤልጂግ 100 ሜትርን ሲያቋርጥ ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል፤ በሰከንድ 430 ሜትር ገደማ የሚሄደው ቬተርሊ ግን ወደ 30።

የመጀመሪያውን ጥይት ጥንቁቅ ሰው በትከሻው አይተኩስም። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፣ ቃታው ከግድግዳ ጀርባ በገመድ ይሳባል፣ ከዚያ ቀለሁ ተነሥቶ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ተለጥጧል? ተሰንጥቋል? ጥይቱም አዲስ የተሠራ መሆን አለበት፣ ከጠመንጃው ጋር የመጣውን አሮጌ አይደለም።

ይሄ ሁሉ አልፎ አዲሱ ባለቤት 100 ሜትር ላይ አነጣጥሮ ሲተኩስ፣ ብዙ ጊዜ ከዒላማው በላይ ይስታል። አምስት ጥይት ቢተኩስ አምስቱም ወደ ላይ፣ አምስቱም አንድ መዳፍ በምትሸፍነው ቦታ ላይ። በርሜሉ የተበላሸ ይመስለዋል። በርሜሉ ግን ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም የተሰበሰቡት ቀዳዳዎች ምስክር ናቸው። የብዙዎቹ ወታደራዊ ጠመንጃዎች ዝቅተኛ ማነጣጠሪያ ለ200 ወይም ለ300 ሜትር የተቀመጠ ስለሆነ፣ ቅርብ ላይ ከፍ ብሎ ይመታል። ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ነው።