ፋብሪካው ሲዘጋ ጥበቡ ወዴት ይሄዳል? ከቺካጎው ፒንቦል እስከ ነቀምቴው ጆተኒ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ነቀምቴ፣ እንዲሁም በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ መንገዶች ዳር ከሰዓት በኋላ የተዘዋወረ ሰው፣ በሱቅ ጥላ ሥር ተሰብስበው የሚጯጯኹ ወጣቶችን ማየቱ አይቀርም። ከመሐላቸው ያለው ጆተኒ ነው። ውድ አንባብያን፣ አብዛኞቻችን በልጅነታችን እጀታውን ይዘን ዘንጉን አሽከርክረናል፤ ተሸንፈንም ሒሳብ ከፍለናል። ይሁን እንጂ ይህን ጠረጴዛ ማን ሠራው? የሠራው ባለሙያ ሥራውን ቢተው አሠራሩን ከየት እናገኘዋለን? ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

ይህን ጥያቄ እንድናነሳ ያነሳሳን ስለ ሌላ የጨዋታ ማሽን የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ግሬግ ማሌቲክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው ይህ ፊልም «ቲልት፦ ፒንቦልን ለማዳን የተደረገው ፍልሚያ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ አለው። ፊልሙ በቺካጎ ከተማ የነበረ አንድ ታዋቂ የፒንቦል ፋብሪካ ከመዘጋቱ በፊት ያደረገውን የመጨረሻ ሙከራ ይተርካል። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የማሽኑን ሳይንስ፣ ቀጥሎም የኢንዱስትሪውን አወዳደቅ፣ በመጨረሻም ታሪኩ ለእኛ አካባቢ ያለውን ትምህርት ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ፒንቦል ምንድን ነው?

ፒንቦል በአራት እግሮች የቆመ፣ ላዩ በመስታወት የተሸፈነ ረዘም ያለ ሳጥን ነው። ተጫዋቹ ሳንቲም ከከተተ በኋላ በሞላ የሚሠራውን ዘንግ ስቦ ሲለቀው፣ 27 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 80 ግራም ክብደት ያላት የብረት ኳስ ወደ ሜዳው ራስ ትፈናጠራለች። ኳሷ በሜዳው ላይ ከተተከሉት መሰናክሎች ጋር እየተላተመች ነጥብ ታስገኛለች፤ ከዚያም ወደ ተጫዋቹ ትወርዳለች። በሜዳው ግርጌ በግራና በቀኝ «ፍሊፐር» የሚባሉ ሁለት አጫጭር ክንዶች አሉ። ተጫዋቹ በሳጥኑ ጎን ያለውን ቁልፍ ሲጫን ክንዶቹ ኳሷን መትተው ይመልሷታል። በመሐላቸው ካመለጠች ግን ያቺ ኳስ አለቀች ማለት ነው።

የተዳፋቱ ምስጢር

የፒንቦል ሜዳ ወደ ተጫዋቹ በኩል 6.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ይህች ትንሽ ዝንባሌ ምን ትሠራለች? እንደሚታወቀው በነፃ የሚወድቅ ነገር ሽምጠጣ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በተዳፋት ላይ ግን ወደ ታች የሚስበው የስበት ድርሻ የሚገኘው በማዕዘኑ ሳይን በማባዛት ነው። የ6.5 ዲግሪ ሳይን 0.113 ስለሆነ ውጤቱ 1.11 ይሆናል። በተጨማሪም ኳሷ የምትወርደው እየተሽከረከረች በመሆኑ የጉልበቱ ከፊል ለመሽከርከሩ ይውላል። ለድፍን ሉል ይህን የምናሰላው በ5/7 በማባዛት ነው። በመሆኑም የኳሷ ሽምጠጣ ወደ 0.79 ሜትር በሰከንድ ካሬ ዝቅ ይላል።

ከዚህ በመነሳት ስናሰላ፣ ከቆመችበት ተነስታ አንድ ሜትር ለመውረድ 1.6 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በነፃ ብትወድቅ ኖሮ 0.45 ሰከንድ ብቻ በበቃት ነበር። ሰው በዓይኑ ላየው ነገር በእጁ ምላሽ ለመስጠት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገው ስናስታውስ፣ ተዳፋቱ የስበትን ኃይል በሰው እጅ ፍጥነት ልክ የመጠነ ብልሃት መሆኑ ይገባናል።

ማሽኑን እየወዘወዘ ኳሷን ለማሳሳት የሚሞክር ተጫዋች ቢኖርስ? ለዚህም መላ አለው። በሳጥኑ ውስጥ በብረት ቀለበት መካከል የተንጠለጠለ ፔንዱለም አለ። ሳጥኑ ከልክ በላይ ሲነቀነቅ ፔንዱለሙ ቀለበቱን ይነካል፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይገጥማል፤ ክንዶቹም ሥራ ያቆማሉ። ማሽኑ በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ቃል «ቲልት» ሲሆን፣ ትርጉሙም «አዘነበለ» ማለት ነው። የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው ከዚሁ ነው።

አንድ ጥቅል፣ ሁለት ሽቦ

ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ለፊዚክስ ተማሪ የሚጣፍጠው ፍሊፐሩ ነው። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ ይኸውም በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ኮረንት ሲያልፍ በሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ውስጥ የሚሳብ የብረት ዘንግ ነው። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። ኳሷን አርቆ ለመምታት ከፍተኛ ኮረንት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ቢቆይ ደግሞ ያው ኮረንት ጥቅሉን ያቃጥለዋል።

መፍትሔው በአንድ ጥቅል ላይ ሁለት ሽቦዎችን መጠምጠም ሆነ፤ አንዱ ወፍራምና አነስተኛ ሙግደት ያለው፣ ሁለተኛው ቀጭንና ከፍተኛ ሙግደት ያለው። ለምሳሌ በ50 ቮልት የሚሠራ ማሽን ብንወስድና የመጀመሪያው ሽቦ ሙግደት 5 ኦም ቢሆን፣ በኦም ሕግ መሠረት 10 አምፒር ያልፍበታል፤ ይህም 500 ዋት ነው። ክንዱ እንቅስቃሴውን ሊጨርስ ሲል አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ትከፈትና ኮረንቱ በቀጭኑ ሽቦ እንዲያልፍ ታስገድዳለች። ሙግደቱ ወደ 150 ኦም ከፍ ቢል ኮረንቱ ወደ 0.33 አምፒር፣ ኃይሉም ወደ 17 ዋት ይወርዳል። ይህም ክንዱን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ይበቃል፤ ለማቃጠል ግን አይበቃም። ይህች ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸች ጥቅሉ ይጨሳል።

በአንድ ማሽን ውስጥ 3,500 የሚያህሉ ክፍሎችና 800 ሜትር ገደማ ሽቦ ይገኛሉ። ይህን ሁሉ የሚገጥመው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። የኢንዱስትሪው ውበትም፣ ድክመቱም ከዚህ ይመነጫል።

ከእገዳ ወደ ገናናነት፣ ከዚያም ወደ ቁልቁለት

በሞላ የሚገፋው ዘንግ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ፍሊፐር ግን የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 «ሀምፕቲ ዳምፕቲ» በተባለው ማሽን ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ኳሷ የምትሄድበትን የሚወስነው በአብዛኛው ዕድል ስለነበር ጨዋታው እንደ ቁማር ታየ፤ የኒው ዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1942 አገደችው። እገዳው የተነሳው ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋች በከተማው ምክር ቤት ፊት ጨዋታው የችሎታ መሆኑን በተግባር ካሳየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ሌላ ተፎካካሪ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»፣ በ1980 ደግሞ «ፓክማን» የተባሉት የቪዲዮ ጨዋታዎች መጡ። የቪዲዮ ጨዋታ የሚላተም ኳስ፣ የሚቃጠል ጥቅል፣ የሚያረጅ ላስቲክ የለበትም፤ ስለዚህ የጥገና ወጪው አነስተኛ ነው። ፒንቦል እ.ኤ.አ. በ1992 «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» በተባለው ማሽን እንደገና ቀና ብሎ ነበር፤ ከዚህ አንድ ዓይነት ብቻ ከ20,000 በላይ ተሽጧል። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው በፍጥነት ወረደ።

የመጨረሻው ሙከራ

ፊልሙ የሚያተኩረው በዚህ ወቅት ላይ ነው። ዊልያምስ የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶቹ ፒንቦልን ከቪዲዮ ጋር የሚያዋህድ አዲስ ማሽን እንዲፈጥሩ አደረገ። «ፒንቦል 2000» የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሥራ የተመሠረተው እጅግ ቀላል በሆነ የብርሃን ሕግ ላይ ነው። በሳጥኑ የላይኛው ክፍል አንድ የቪዲዮ መስኮት ተገጠመ፤ ምስሉም በመስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ለተጫዋቹ ዓይን ደረሰ። በጠፍጣፋ መስታወት የሚፈጠር ምስል ከመስታወቱ ኋላ የሚርቀው ዕቃው ከፊቱ በራቀበት መጠን ስለሆነ፣ ሥዕሉ በሜዳው ላይ ከኳሷ ጋር ቆሞ የሚታይ መሰለ። ይህ ብልሃት በ19ኛው መቶ ዘመን በለንደን መድረክ ላይ መንፈስ ለማሳየት ያገለገለው ያው ዘዴ ነው።

የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ወጥቶ ከ6,000 በላይ ተሸጠ። ሁለተኛው የዚያኑ ዓመት ተከትሎ ከ3,000 በላይ ተሸጠ። ሆኖም የዊልያምስ ባለቤት የሆነው ድርጅት የቁማር ማሽኖችንም ያመርት ነበርና ከእነሱ የሚገኘው ትርፍ እጅግ በልጦ ታየው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1999 የፒንቦል ክፍሉ ተዘጋ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባው ነገር አለ፤ መሐንዲሶቹ የተጠየቁትን ሠርተዋል፣ ሥራቸውም ተሽጧል። ጥሩ ፈጠራ ብቻውን ፋብሪካን ከመዘጋት አያድንም።

ማሽኑ ሞተን?

አልሞተም። በዚያው ዓመት ጋሪ ስተርን የተባለ ሰው የሌላ ኩባንያን የፒንቦል ፋብሪካ ገዝቶ ማምረቱን ቀጠለ፤ ስተርንም ለዓመታት በስፋት የሚያመርት ብቸኛ ፋብሪካ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርሲ ጃክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ከ«ፒንቦል 2000» ንድፍ አውጪዎች አንዱ የሆነው ጆርጅ ጎሜዝ በኋላ ወደ ስተርን ገባ። ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ሚዲቫል ማድነስ» የተባለ ማሽን ደግሞ በ2015 በሌላ ኩባንያ እንደገና ተመረተ።

ይህ እንዴት ተቻለ? ለዚህ ሁለት ምክንያቶችን እናቀርባለን። አንደኛው ሰዎቹ ናቸው፤ ፋብሪካው ቢዘጋም ዕውቀቱ በጭንቅላታቸውና በእጃቸው ነበር። ሁለተኛው ጽሑፉ ነው፤ እያንዳንዱ ማሽን ከገበያ ሲወጣ የሽቦ ንድፉንና የክፍሎቹን ዝርዝር ከያዘ መጽሐፍ ጋር ይወጣ ነበር። ፋብሪካው በሩን ቢዘጋም መጽሐፉን ያነበበ ሰው የተቃጠለውን ጥቅል ሊቀይር፣ የጠፋውን ክፍል ሊሠራ ችሏል።

ወደ ጆተኒያችን እንመለስ

ጆተኒ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም። የሚሠራውም በአገር ውስጥ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ነው። ሣንቃ ወይም ኮምፔንሳቶ፣ የብረት ዘንግ፣ ቡሎንና ግራሶ በየከተማው ይገኛሉ። አንዱ እግር ዝቅ ቢል ድንጋይ ይሸጎጥለታል፤ ዘንጉ ቢጣመም በመዶሻ ይቃናል። ፒንቦልን ያዳከመው የጥገና ችግር ጆተኒን ያልነካው ጠጋኙ ጎረቤት ስለሆነ ነው።

ሳይንሱም ቢሆን አያንስም። የእጀታው ራዲየስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የተጫዋቹ ምስል እግር ጫፍ ከዘንጉ መሐል 7.5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ እግሩ ከመዳፋችን አምስት እጥፍ ይፈጥናል፤ በአንጻሩ ግፊቱ በአምስት እጥፍ ይቀንሳል። ዘንጉ ግራሶ ሲቀባ ሰበቃው ይቀንሳል። የፒንቦል ሜዳ ማዘንበል ሲኖርበት፣ የጆተኒ ሜዳ ግን ፍጹም የተስተካከለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ስበት ለአንዱ ወገን ያደላል።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አለ። የቺካጎው ፋብሪካ ሲዘጋ መጽሐፍ ትቶ ነው። የእኛ አናጢና በያጅ ግን የዘንጉን ውፍረት፣ የሜዳውን ስፋትና የቀዳዳውን ልክ የያዘው በዓይኑና በእጁ ነው፤ ጥበቡም ከጌታው ወደ ረዳቱ የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነው። ዛሬ የእጅ ስልክና የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው። ረዳት ሆኖ የሚማር ሲጠፋ፣ ጥበቡ ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ለመዝጊያው ቀን የሚቆረጥለት ፋብሪካ ስለሌለ፣ የቆመበትንም ቀን የሚመዘግብ አይኖርም።

ስለዚህ የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችሁ ይህን እንድታደርጉ እንጠይቃለን። በከተማችሁ ወደሚገኝ አንድ የጆተኒ ሠሪ ዘንድ በአክብሮት ሂዱ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ «ይህን ለምን እንዲህ አደረጉት?» ብላችሁ ጠይቁት። በሜትር ለኩ፤ ኳሷን መዝኑ፤ ሜዳውን በውሃ ልክ ፈትሹ፤ ግራሶ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ዘንጉ ተሽከርክሮ እስኪቆም የሚፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። ከዚያም በመጠን የተሣለ ንድፍ አዘጋጁ፤ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ደግሞ ለባለሙያው ስጡ። ወረቀቱን የሚያነብ ሌላ አናጢ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ሊነሳ ይችላልና።