የካፕላንስኪ ስድስተኛ ግምት

የካፕላንስኪ ስድስተኛ ግምት በሂሳብ ጥናት ስለ ሆፕፍ አልጀብራ የቀረበና በጠቅላላው እስካሁን ያልተረጋገጠ ግምት ነው። ኧርቪንግ ካፕላንስኪ በ1975 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አሥር ግምቶች አንዱ ነው።

ሆፕፍ አልጀብራ ከማባዛት በተጨማሪ አንዱን አባል ወደ ጥንዶች መዘርዘር የሚቻልበት አልጀብራ ነው። ከማንኛውም ቡድን አንድ ሆፕፍ አልጀብራ ይሠራል። ኳንተም ቡድኖችም፣ ስማቸው ቢያሳስትም፣ ቡድኖች ሳይሆኑ ሆፕፍ አልጀብራዎች ናቸው።

ለቡድኖች ነገሩ ያለቀለት ነው። ሦስት ዕቃዎችን የማቀያየሪያ መንገዶች 6 ናቸው። የዚህ ቡድን የማይከፋፈሉ ውክልናዎች (በማትሪክስ የሚገለጽባቸው መንገዶች) ዳይሜንሽን 1፣ 1 እና 2 ነው። የካሬዎቻቸው ድምር 6 ሲሆን፣ እያንዳንዳቸውም 6ን ያለ ቀሪ ያካፍላሉ። ማካፈሉ ለማንኛውም ውሱን ቡድን እንደሚሠራ ፍሮቤኒየስ አረጋግጧል። ካፕላንስኪ ደግሞ ውክልናዎቻቸው ሁሉ ወደማይከፋፈሉት ለሚተነተኑ ሆፕፍ አልጀብራዎችም ይሠራል ብሎ ገመተ።

የካሬዎች ድምር ብቻውን ይህን አያስገድድም። 1 እና 4 ተደምረው 5 ይሆናሉ፤ 2 ግን 5ን አያካፍልም። እንዲህ ያለ ተራ አልጀብራ አለ፣ ሆፕፍ ግን ሊሆን አይችልም፦ በውስብስብ ቁጥሮች ላይ ባለ 2 ዳይሜንሽን የማይከፋፈል ውክልና ካለ ጠቅላላው ዳይሜንሽን ተጋማሽ መሆን እንዳለበት ኒኮልስና ሪችመንድ በ1996 አሳይተዋል። ኤቲንጎፍና ገላኪ በ1998 ኳሲትሪያንጉላር ለሚባሉት ሙሉውን ግምት አረጋገጡ። ለሌሎቹ የፍሮቤኒየስ መንገድ አይሠራም፤ እሱ የተመሠረተው በቡድኑ አባላት ላይ ነውና።

ከአሥሩ ግምቶች ሁሉም እውነት አልሆኑም። አሥረኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።